የጉንፋን ክኒን ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ

ጉንፋን ከሁለት መቶ በላይ በሆኑ የቫይረስ ዓይነቶች የሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ በራሱ የሚለቅ ሕመም ሲሆን፣ ቫይረሱን አጥፍቶ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘለትም። በየመድኃኒት ቤቱ የጉንፋን መድኃኒት እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ በሽታውን ሳይሆን ምልክቶቹን፣ ማለትም ትኩሳቱንና ራስ ምታቱን፣ የአፍንጫውን መታፈን፣ ንፍጡን፣ ማስነጠሱንና ሳሉን ለማስታገስ የተዘጋጀ ነው። ምልክቶቹ ብዙ በመሆናቸውም አምራቾች ለእያንዳንዳቸው የሚሆን ንጥረ መድኃኒት እየመረጡ፣ ሦስቱን ወይም አራቱን፣ አንዳንዴም አምስቱን በአንድ ክኒን ወይም በአንድ ማንኪያ ሽሮፕ ውስጥ አዋሕደው ያቀርባሉ። ጥምር የጉንፋን መድኃኒት የሚባለው ይህ ነው፤ አንድ ክኒን የዋጠ ሰው አንድ መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል እንጂ በአንድ ጊዜ አራት መድኃኒት መውሰዱን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

በእነዚህ ጥምረቶች ውስጥ የሚገቡት ንጥረ ነገሮች የንግድ ስሞቹን ያህል የበዙ አይደሉም። ትኩሳትንና ሕመምን ለማብረድ ፓራሲታሞል፣ አልፎ አልፎም አይቡፕሮፌን፤ የታፈነ አፍንጫን ለመክፈት ሱዶኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን፤ ንፍጥንና ማስነጠስን ለመቀነስ ክሎርፌኒራሚን፣ ዳይፈንሃይድራሚን ወይም ዶክሲላሚን የተባሉት ፀረ ሂስታሚኖች፤ ደረቅ ሳልን ለመግታት ዴክስትሮሜቶርፋን ወይም ኮዴይን፤ አክታን ለማቅጠን ጓይፈኔሲን ይገባሉ፤ ድብታን ለመከላከል ተብሎም ካፌይን የሚጨመርባቸው አሉ። አንድ አምራች በአንድ ታዋቂ ስም የቀን፣ የሌሊት፣ የልጆችና "ጠንካራ" የተባሉ ልዩ ልዩ ዓይነቶችን ስለሚያወጣ፣ በማሸጊያው ፊት በትልቁ የተጻፈው ስም ስለ ውስጡ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። የሚናገረው ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የሰፈረው ዝርዝር ነው።

የመድኃኒቶች መስተጋብር ማለት አንድ መድኃኒት የሌላውን ሥራ ማጠንከሩ፣ ማዳከሙ ወይም ብቻውን ቢወሰድ የማያመጣውን ጉዳት እንዲያመጣ ማድረጉ ሲሆን፣ በዋናነት በሁለት መንገድ ይከሰታል። አንደኛው የሥራ መደራረብ ነው፤ ሁለቱም እንቅልፍ የሚያመጡ ወይም ሁለቱም የደም ግፊት የሚጨምሩ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲወሰዱ ውጤታቸው ይደመራል። ሁለተኛው በመጠን ለውጥ የሚመጣ ነው፤ ጉበት መድኃኒቶችን የሚሰባብርባቸው ኢንዛይም የተባሉ ፕሮቲኖች ያሉት ሲሆን፣ አንዱ መድኃኒት ኢንዛይሙን ሲያግደው ሌላው ሳይሰባበር በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ኢንዛይሙን ሲያነቃቃው ደግሞ ሌላው ከወትሮው ፈጥኖ ይሰባበራል። የጉንፋን መድኃኒት በሁለቱም መንገድ ይገባል። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ የሰው ልማድ ነው፤ ሐኪም "የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ብሎ ሲጠይቅ የግፊት ወይም የስኳር ክኒኑን የሚጠቅስ ሰው፣ ያለ ማዘዣ የገዛውን የጉንፋን ክኒን ከመድኃኒት ስለማይቆጥረው ሳይናገር ያልፋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ፓራሲታሞል ነው፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚያምነው፣ በእያንዳንዱ ቤት የሚገኝና በአብዛኞቹ ጥምር መድኃኒቶች ውስጥ የተካተተ በመሆኑ ነው። ለጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው መጠን 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ክኒን ስምንት ነው። በዚህ ልክ ሲወሰድ አብዛኛው በጉበት ውስጥ ያለ ችግር ተለውጦ በሽንት ይወጣል፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ግን ናፕኪ በሚል አሕጽሮት ወደሚታወቅ መርዛማ ውሁድ ይለወጣል። ጉበት ይህን መርዝ ግሉታታዮን በተባለ ቅመም አማካይነት ያረክሰዋል፤ የግሉታታዮኑ ክምችት ሲያልቅ ግን መርዙ የጉበትን ሕዋሳት መግደል ይጀምራል። ለራስ ምታቱ በቀን አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ፓራሲታሞል የሚውጥ ሰው የመጨረሻውን ወሰን ይዟል፤ በዚያ ላይ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ያለበትን የጉንፋን ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ቢጨምር 5.5 ግራም ይደርሳል፣ ለጥቂት ቀናት እንዲህ ቢቀጥልም ሳያስበው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። የዚህ ጉዳት ክፉ ጠባይ ዝምታው ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ማቅለሽለሽ ብቻ ሊታይ፣ ምንም ላይታይም ይችላል፣ የጉበቱ መጎዳት የሚገለጠው ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ነው። አሴቲልሲስቴይን የተባለው ማርከሻ እጅግ የሚጠቅመው ከመጠን በላይ በተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ስለሆነ፣ ሕመም እስኪሰማ መጠበቅ ዋናውን ጊዜ ማሳለፍ ይሆናል። በአሜሪካና በብሪታንያ በድንገት ጉበትን ከጥቅም ውጭ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ቀዳሚው ይኸው መድኃኒት ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2011 በማዘዣ የሚሸጡ ጥምር መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ከ325 ሚሊ ግራም በላይ ፓራሲታሞል እንዳይዙ አምራቾችን ጠይቋል።

የስሙ ብዛትም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። በኢትዮጵያ ፓራሲታሞል የሚባለው በአሜሪካ አሴታሚኖፌን ይባላል፤ ታይሌኖል፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚዘወተረው ፓናዶል፣ በእስራኤል የሚሸጠው አካሞል፣ በፈረንሳይ ያለው ዶሊፕራን ሁሉም የዚሁ የአንዱ መድኃኒት የንግድ ስሞች ናቸው። በአሜሪካ የሚዘወተረው ናይኩዊል የተባለ የሌሊት ሽሮፕ በአንድ የ30 ሚሊ ሊትር መጠኑ ውስጥ 650 ሚሊ ግራም አሴታሚኖፌን ይዟል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት የሚመጣው የጉንፋን መድኃኒት እቤት ካለው ፓራሲታሞል ጋር ሲገናኝ፣ ሁለቱ በስም ስለማይመሳሰሉ ብቻ እንደ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች አብረው ይወሰዳሉ።

ፓራሲታሞል በልኩ ተወስዶም ቢሆን ጉዳቱ የሚጨምርባቸው ሰዎች አሉ። ለረጅም ጊዜ አልኮል የሚያዘወትር ሰው ጉበት መርዛማውን ውሁድ በብዛት ስለሚሠራና የግሉታታዮን ክምችቱም የተመናመነ ስለሆነ፣ 4 ግራሙ ለእርሱ ብዙ ነው፤ ለቀናት ምግብ ሳይቀምስ የተኛ በሽተኛም ክምችቱ ይሳሳል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ ሰው የሚወስዳቸው አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ ራሳቸው ጉበትን ሊጎዱ የሚችሉ ናቸውና፣ በጉንፋን ክኒን ውስጥ ተሰውሮ የሚገባ ፓራሲታሞል ሐኪሙ ሳያውቀው ሊጨመር አይገባም። በቁርጥማት በሽታ መዘዝ የልባቸው በር ተጎድቶ ሰው ሠራሽ በር የተተከለላቸው፣ ደማቸው እንዳይረጋም ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች በአገራችን ጥቂት አይደሉም፤ ለእነርሱ ፓራሲታሞል ከአይቡፕሮፌን የተሻለ ምርጫ ቢሆንም፣ ለተከታታይ ቀናት በየዕለቱ ሲወሰድ የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚያጠነክር የደም መርጋት ምርመራቸውን ከወትሮው ቀደም ብለው ማድረግ ያስፈልጋቸዋል።

አፍንጫን የሚከፍቱት መድኃኒቶች የሚሠሩት የደም ሥሮችን በማጥበብ ነው። በአፍንጫ ውስጥ ያበጠው ስስ ሽፋን ደም ሲቀንስለት ይሟሽሻል፣ አየርም ያልፋል፤ ነገር ግን በአፍ የተዋጠ ክኒን አፍንጫን ብቻ መርጦ ስለማይሄድ በመላው አካል ያሉ የደም ሥሮችም ይጠባሉ፣ ልብም ይፈጥናል። ስለሆነም ሱዶኤፌድሪን ግፊቱን በኢናላፕሪል ወይም በአምሎዲፒን ለማውረድ የሚጥርን በሽተኛ ድካም ከንቱ ሊያደርግበት ይችላል፤ ግፊቱ በሚገባ ያልተስተካከለ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከናካቴው ሊወስደው አይገባም። ለድባቴ፣ ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬን በሰፊው የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም የእነዚህን መድኃኒቶች ግፊት የመጨመር ኃይል ያጎላዋል።

እዚህ ላይ በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የማይጻፍ፣ ለኢትዮጵያውያን ግን ተገቢ የሆነ ጉዳይ አለ። ጫት ውስጥ ያሉት ዋና አነቃቂ ቅመሞች ካቲኖንና ካቲን ሲሆኑ፣ ካቲን በኬሚካላዊ ተፈጥሮው የሱዶኤፌድሪን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ቅመሞች የደም ሥርን ያጠባሉ፣ የልብ ምትን ያፈጥናሉ። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅም ሰው አፍንጫውን ለመክፈት ሱዶኤፌድሪን ያለበትን ክኒን ጠዋትና ማታ ሲወስድ፣ ከዚያም በላይ በክኒኑ ውስጥ ያለው ካፌይን በቡና ላይ ሲጨመር፣ በአንድ አቅጣጫ የሚገፉ አራት ነገሮች በአንድ ልብ ላይ ያርፋሉ። ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ስለ አልኮልና ስለ ሲጋራ እንደሚጠይቁት ሁሉ ስለ ጫትም ያለ ወቀሳ ሊጠይቁ ይገባል፤ ወቀሳ የፈራ በሽተኛ እውነቱን ይደብቃልና።

የፌኒሌፍሪን ነገር ለየት ይላል። ሱዶኤፌድሪን ሜታምፌታሚን ለተባለው አደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ስለሚውል፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 በጸደቀ ሕግ ከመደርደሪያ አንሥታ ከፋርማሲስቱ ጀርባ እንዲቀመጥ፣ ገዢውም መታወቂያ እንዲያሳይ አደረገች፤ ብዙ አምራቾችም በቦታው ፌኒሌፍሪንን አስገቡ። ነገር ግን በአፍ የተወሰደ ፌኒሌፍሪን አብዛኛው ወደ ደም ሳይደርስ በአንጀት ግድግዳና በጉበት ውስጥ በኢንዛይሞች ይሰባበራል፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የተሰበሰቡት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አማካሪ ባለሙያዎችም በአፍ ሲወሰድ የታፈነ አፍንጫን እንደማይከፍት በሙሉ ድምፅ ወሰኑ፤ በ2024 መጨረሻም አስተዳደሩ ከገበያ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። ከሚሰባብሩት ኢንዛይሞች አንዱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ይባላል። ይህን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት አብሮ ከተወሰደ ደካማው ፌኒሌፍሪን ሳይሰባበር ወደ ደም ስለሚገባ ግፊትን በድንገት ወደ አደገኛ ደረጃ ሊያደርሰው ይችላል፤ ሱዶኤፌድሪንም ከዚሁ መድኃኒት ጋር ተመሳሳይ አደጋ ያመጣል። ኢንዛይሙን የሚያግዱት የቆዩ የድባቴ መድኃኒቶች ዛሬ ብዙም አይታዘዙም፤ ሆኖም መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ የተባለ ፀረ ተሕዋስያን ይህንኑ ኢንዛይም በመጠኑ ያግዳል። ለሳንባ በሽታ ሕክምና የሚከታተልና ስለሚያስል ብቻ የጉንፋን መድኃኒት የሚገዛ ሰው እንዲህ ያለውን አደጋ ከየት ሊገምተው ይችላል?

ፀረ ሂስታሚኖቹ በተቃራኒው የሚያረጋጉና የሚያስተኙ ናቸው። ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን ወደ አንጎል በቀላሉ ስለሚዘልቁ ንቃትን ይቀንሳሉ፤ ከአረቄ፣ ከጠጅ ወይም ከቢራ ጋር፣ ከዳያዜፓም፣ ለሚጥል በሽታ ከሚሰጠው ፌኖባርቢታል ወይም ከትራማዶል ጋር ሲደራረቡ ደግሞ ከባድ እንቅልፍ፣ መንገዳገድ፣ በብዙ መጠንም የትንፋሽ መዳከም ይከተላል። ለሾፌር፣ ለግንበኛና ማሽን ለሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። እነዚሁ መድኃኒቶች አፍን ያደርቃሉ፣ አንጀትን ያዘገያሉ፣ የሽንት ፊኛንም ያዳክማሉ፤ በዚህም የተነሣ ፕሮስቴቱ ያበጠበት አረጋዊ አንድ ሁለት የጉንፋን ክኒን ወስዶ ሽንቱ ፈጽሞ ሊቆምበት ይችላል፣ አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ከሆነም ነገሩ ይብሳል። ግላኮማ የተባለው የዓይን ግፊት በሽታ ያለበት ሰውም ሳያማክር ሊወስዳቸው አይገባም።

ዴክስትሮሜቶርፋን በአንጎል ውስጥ ያለውን የሳል ማዘዣ ክፍል የሚያዳክም ሲሆን፣ ከዚህ ጎን ለጎን ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ ቅመም በነርቮች መካከል እንዲበዛ ያደርጋል። የድባቴ መድኃኒት የሆነው ፍሉኦክሴቲንም ይህንኑ ቅመም ያበዛል፤ በዚያ ላይ ዴክስትሮሜቶርፋንን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ያግዳል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ መስተጋብሩ ከላይ በተገለጹት በሁለቱም መንገዶች በአንድ ጊዜ ይመጣል። የሴሮቶኒን መብዛት ምልክቶች ዕረፍት ማጣት፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የጡንቻ መገታተርና ትኩሳት ሲሆኑ፣ ትኩሳቱና ላቡ የጉንፋኑ ተደርገው ስለሚታዩ መድኃኒቱን ከማቆም ይልቅ የመጨመር ስሕተት ይፈጸማል። ትራማዶልና ሊኔዞሊድም በዚሁ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ይገባሉ። ጓይፈኔሲን ግን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ጠብ አነስተኛ ነው።

ቫይታሚንና ዚንክ ያለባቸው፣ በውኃ የሚሟሙና የሚመጠጡ የጉንፋን ዝግጅቶችም ጉዳት የሌላቸው ተደርገው ይታያሉ። ይሁንና ዚንክ በአንጀት ውስጥ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ከተባሉት ፀረ ባክቴሪያዎች ጋር ተጣብቆ ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጋቸዋል። በኢትዮጵያ ለኤችአይቪ ሕክምና በቅድሚያ የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርም እንዲሁ በዚንክና በማግኒዥየም ስለሚያዝ፣ እንዲህ ያለ ዝግጅት ከመወሰዱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከተወሰደ 6 ሰዓት በኋላ መዋጥ ይኖርበታል፤ ለሰባት ቀን ጉንፋን ሲባል የዕድሜ ልክ ሕክምናን ማዳከም የማይገባ ዋጋ ነው። ከዚህ ሁሉ አንጻር፣ አንድ ምልክት ብቻ ያለበት ሰው ለዚያው ምልክት የሚሆን ነጠላ መድኃኒት ቢወስድ ይሻላል። አፍንጫው ብቻ የታፈነበት ሰው ለሌለው ትኩሳትና ለሌለው ሳል መድኃኒት የሚወስድበት ምክንያት የለም፤ ደረቅ ሳልንም ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው ሁሉ ማር ማስታገሱ የታወቀ ነው፣ ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የተባለ የመመረዝ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል አይሰጥም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ደግሞ የሽሮፕ ሳይሆን የአክታ ምርመራ ጉዳይ ነው።

የኮዴይን ጉዳይ ኢትዮጵያውያንን ከሌላው ሕዝብ በተለየ ስለሚመለከት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። ኮዴይን በራሱ ደካማ መድኃኒት ነው፤ ኃይል የሚያገኘው ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለው ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው፣ በአብዛኛው ሰውም የሚለወጠው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ነው። ኢንዛይሙን የሚሠራው ዘረመል ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ሰው የማይሠራ ዘረመል ስለሚወርስ ኮዴይን ምንም አያደርግለትም፤ አንዳንዱ ደግሞ የሚሠራውን ዘረመል ተባዝቶ ስለሚወርስ ኢንዛይሙ ይበዛና ኮዴይኑን ፈጥኖ፣ በብዛትም ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ በስዊድን ከሚገኘው የካሮሊንስካ ተቋም ባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ይህን የተባዛ ዘረመል እንደሚሸከሙ ተገልጧል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ግን ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በአውሮፓውያን ላይ ተሞክሮ የተቀመረው የኮዴይን መጠን ከሦስት ኢትዮጵያውያን ለአንዱ ያህል ከታሰበው በላይ ሞርፊን ሊሆንበት ይችላል ማለት ነው።

ብዛት ያለው ሞርፊን ከባድ እንቅልፍ ያመጣል፣ ትንፋሽንም ያዘገያል፤ በልጆች ላይ ደግሞ ትንፋሽን እስከ ማቆም ይደርሳል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 የቶንሲል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ልጆች ኮዴይን ወስደው ከሞቱ በኋላ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ በ2015 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሳል ኮዴይን እንዳይሰጥ ወሰነ፤ በ2018 ደግሞ አሜሪካ ኮዴይን ያለባቸውን የሳል መድኃኒቶች ዕድሜያቸው 18 ዓመት ላልሞላ ከለከለች። የተባዛ ዘረመል ያላት የምታጠባ እናት የምትወስደው ኮዴይንም በሞርፊን መልክ ወደ ጡት ወተቷ ስለሚያልፍ፣ በምታጠባበት ወቅት እንድትርቀው ይመከራል። ይህ ሁሉ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለውን መስተጋብር ሳይጨምር ነው፤ አልኮል፣ ዳያዜፓምና የሚያስተኙት ፀረ ሂስታሚኖች በዚህ ሞርፊን ላይ ሲደመሩ የትንፋሽ መዳከሙ ይበረታል፣ አንዳንዱ የሳል ሽሮፕም ኮዴይንንና ክሎርፌኒራሚንን በአንድ ጠርሙስ ይዞ ይቀርባል። በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ፣ በቴል አቪቭም ሆነ በአዲስ አበባ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለልጁ ወይም ለምታጠባ ባለቤቱ የሳል ሽሮፕ በሚገዛበት ጊዜ ፋርማሲስቱን አስቀድሞ "ኮዴይን አለበት ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሻጩ ስለ ዘረመሉ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለምና።